ከዋናው አንድ መስመር የበለጠ ግልባጭ

ወዳጄ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ቡዳ በላው፣ ጥላ ወጊ መታው ሲሉ ስቄ የማልፍ፣ ዲላ ቤት ስከራይ ጎረቤቶቼ «እዚህ ቤት ሰው አይበረክትም» ብለው ቢያስጠነቅቁኝ «እንኳንም አልበረከተ፣ ለኔ ተረፈልኛ!» ያልኩ ሰው ነኝ። ይህን የምነግርህ ተረት አምሮኝ አይደለም፣ እመነኝ። ማብራሪያ ካገኘህለት ንገረኝ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ከሚስቴ ከፀሐይነሽ ጋር ከተፋታን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን በልቼ ብቻዬን ተኝቼ፣ እሁድ እሁድ የታረመ ደብተር ደግሜ አርም ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልህ፣ ቤቱ ዝም ሲል ስለሚከብደኝ ነው። በኋላ ገደብ ከተማ ገበያ ጨርቅ ከምትሸጥ በቀለች ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቅን፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ላግባሽ ብላት እሺ አለች፣ እኔን! ሆኖም ፕሮቴስታንት ናትና የጸሎት ቤቷ ሽማግሌዎች «የጋብቻችሁ ማስታወቂያ እሁድ ከመነበቡ በፊት፣ ከመጀመሪያ ሚስትህ መፋታትህን የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ግን እጄ ላይ አልነበረም።

ለምን ብትል፣ በዚያን ጊዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚዳኙት በጋብቻቸው ምስክር የነበሩት ሰዎች ነበሩ። የኛም ምስክሮች፣ በሠርጋችን ቀን በልተው ጠጥተው መርቀውን የፈረሙት እነዚያው አራት ሰዎች፣ ቤቴ መጥተው ተቀመጡና አፋቱን። ልጅ ስንጠብቅ ቀረና በመሀላችን ጠብ መጣ፣ እኔም ግትር ነበርኩ፣ እሷ ዝም አለች። ውሳኔውን በእጅ ጽፈው ፈረሙ፣ «አውራጃ ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አስመዝግቡት» ብለው ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ዞር ብዬም አላየሁት።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ጅግሶ ይባላሉ፣ የዚያው የዲላ አካባቢ ሰው፣ አጭር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ። ማመልከቻዬን አነበቡ፣ ቴምብሩ በደንብ መለጠፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩና በስሜ ፈለጉ። የለም። የፊተኛውን ዓመት ፈለጉ፣ የኋለኛውን ፈለጉ፣ የለም። ለእሁድ የቀሩኝ ሦስት ቀኖች ናቸው።

«መምህር፣ ያቀረበው ማነው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ውሳኔውን ነዋ! እዚህ መዝገብ የሚከፈተው በአቅራቢው ስም ነው። አንተ ነህ ያቀረብከው?»

አፈርኩ። «አይደለሁም።»

«እንግዲያ እሷ ናት» አሉና በፀሐይነሽ ስም ሲፈልጉ ወዲያው ተገኘ፣ በሲባጎ የታሰረ ስስ ፋይል። ፍቺውን ያልፈለገችው እሷ ነበረች፣ ወረቀቱን ተሸክማ መጥታ ያስመዘገበችውም እሷው። ይህን እንኳ ሳላውቅ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዋ ወልዳ ቤቷ ስለነበረች አቶ ጅግሶ «በእጅህ ገልብጠው፣ ከምሳ መልስ እናመሳክራለን» አሉኝ። ማመሳከር ማለት አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ግልባጩን በጣቱ እየተከተለ «ልክ» ይላል፣ አንዲት ቃል ብትበልጥ ወይ ብትጎድል ማኅተም አይመታበትም። እሳቸው ምሳ ሄዱ፣ እኔ ፋይል በታጨቀባቸው መደርደሪያዎች መሀል ብቻዬን ቀረሁ፣ ዝናቡም ጀመረ።

የዲላን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የጎንህን ሰው አትሰማም። ያም ሆኖ ሰማሁ። በሩ ላይ ለእግር መጥረጊያ ጆንያ ተነጥፏል፣ እሱ ላይ እግር ሲጠረግ ሰማሁ፣ ቀኙ ሁለቴ፣ ግራው አንዴ። ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። የሚገባ የለም። «ማነው?» አልኩ። ተነስቼ ሄድኩ፣ በረንዳው ላይ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም፣ ጆንያው ግን ውኃ ጠጥቷል፣ ዝናቡ እዚያ ድረስ አይገባም እኮ። የጠዋቱ ባለጉዳይ ያረጠበው ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኝቼ ተመለስኩ። እግሩን እንዲያ የሚጠርግ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው፣ ግን የዚያን ሰዓት ስሟን በሆዴም አልጠራሁትም።

አቶ ጅግሶ ካፖርታቸውን እያራገፉ መጡና ማመሳከር ጀመርን። «ሚስት ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሚሉት እንዳለ ቢጠየቁ ዝም ብለዋል» ብለው አነበቡ።

«ልክ» አልኩ።

«ስለዚህ እኛ የቤተ ዘመድ ዳኞች...» እያሉ ቀጠሉ፣ ጣቴ ያረፈበት መስመር ላይ ግን እንዲህ አይልም። «ደጅ ቆሜ ነበር፣ አልከፈተልኝም» ይላል። በገዛ እጄ ጽሕፈት።

«ምነው ዝም አልክ?» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉኝና ከዋናው ጋር አስተያዩት። «ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ከየት እንዳመጣሁት ለአንተ ልንገርህ፣ ለሰው ነግሬው አላውቅም። የተፋታን ዕለት አራቱ ምስክሮች ሲሄዱ ፀሐይነሽ ጓዟን ይዛ ወጣች፣ እኔ በሩን ቀረቀርኩ፣ ወዲያው ዝናብ መጣ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠግታ ቆመች። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፣ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ቆይታ ቆይታ በራችን ላይ የተነጠፈው ጆንያ ላይ እግሯን ጠረገች፣ ሊገባ እንደሚል ሰው፣ ቀኙን ሁለቴ፣ ግራውን አንዴ። አላንኳኳችም። እኔም መቀርቀሪያውን ይዤ ቆምኩ፣ መክፈት አቅቶኝ አይደለም፣ መጀመሪያ እሷ ትናገር ብዬ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሄደች። ይህን ያየ ሰው የለም፣ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።

ለአቶ ጅግሶ «ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። «ግድ የለም፣ አሁን እኔ ልጻፍ፣ አንተ አንብብ» ብለው አዲስ ወረቀት አወጡ። ዋናውን ይዤ ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ እመነኝ፣ ከተጻፈው ውጪ ትንፍሽ አላልኩም። ሲጨርሱ ወረቀቱን አየሁት። ያችው መስመር፣ እዚያው ቦታ፣ በእሳቸው ደቃቃ ጽሕፈት።

«አቶ ጅግሶ፣ ይህን ለምን ጻፉት?»

«አንተ ነህ ያነበብከው!»

«ኧረ አላነበብኩም! ልማልልዎት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ቀጠነ። ብርዱ መታው ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ።» ወደ በሩ አዩ፣ እኔም አየሁ። ከዚያ ፋይሉን በሲባጎ አሰሩት። «መምህር፣ የማይመሳከር ግልባጭ ማኅተም አይመታበትም። እኔ ደግሞ ሦስተኛ አልጽፍም። ሴትዮውን ፈልገህ አናግር።»

ፈለግኋት። ዘመዶቿ አሉበት ወደተባለው ወደ ይርጋለም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። እሁድም መጣ፣ ማስታወቂያው ሳይነበብ አለፈ። በሳምንቱ በቀለች በአውቶቡስ ሹፌር «የጠፋው ወረቀቱ ነው ወይስ አንተ?» ብላ ላከችብኝ። ሄጄ ልነግራት አስቤ ነበር፣ ምን ብዬ ልንገራት? ያችን መስመር ካነበበች «አልከፈተልኝም» የተባለው ማን እንደሆነ ትጠይቀኛለች፣ ከጠየቀችኝ ደግሞ ሳቋ ይቀራል። ዝም አልኩ፣ እንደ ልማዴ። በዓመቱ ሌላ ሰው አገባች፣ ጥሩ ሰው ነው አሉ። ደስ ብሎኛል ብልህ ዋሸሁህ፣ በጣም ነው የከፋኝ።

ሁለቱ ግልባጮች ሣጥኔ ውስጥ አሉ፣ የእኔም የአቶ ጅግሶም። የፀሐይነሽን ወሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ቤት ቀይሬያለሁ፣ የአሁኑ በረንዳ ሰፊ ነው፣ ዝናብ አይገባበትም። ሆኖም ሲዘንብ ደጄ ላይ የተነጠፈው ጆንያ ላይ እግር ሲጠረግ እሰማለሁ፣ ቀኙ ሁለቴ፣ ግራው አንዴ። አሁን መቀርቀሪያውን ይዤ አልቆምም፣ ወዲያው ተነስቼ እከፍትና «ፀሐይ፣ ግቢ» እላለሁ። ማንም አይገባም። ጆንያውን ዝቅ ብዬ ስነካው ግን እርጥብ ነው።