የፈንታው ፔጆ ግራ ጎማ

ኢንስፔክተር የትምወርቅ በመካነ ሰላም ዳርቻ ካለው ከአቶ ፈንታው ግቢ ስትደርስ፣ ሬሳው ከመኪናው ሥር ተጎትቶ ወጥቶ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ሞላ ዱላውን ተመርኩዞ የመኪናው መጠለያ በር ላይ ቆሟል። መንገድ አልለቀቀላትም።

«መኪናውን ያነሳበት ክሪክ አምልጦት ነው የሞተው። ቄሶቹ ተነግሯቸዋል፣ ከቀትር በኋላ እንቀብራለን። ፖሊስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ትቀብራላችሁ። አሁን ያሳልፉኝ» አለችው።

ዱላውን ሳይወድ በግዱ አነሳ። ከኋላው የተሰበሰበው ዘመድ እያጉረመረመ ተከተላት።

የትምወርቅ የወንጀል ምርመራ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ዓመታት ያሳለፈችው በመኪና አደጋ ምርመራ ላይ ነው፤ ስለ መኪና የምታውቀው ቤተሰቡ ከሚመኘው በላይ ነበር። ነጩ አሮጌ ፔጆ የፊት ግራ ጎማው ወልቆ በዚያ በኩል መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰዎቹ መኪናውን በክንዳቸው አንስተው ሟቹን እንዳወጡትና ክሪኩን ማንም እንዳልነካው ጠይቃ አረጋገጠች። ከዚያ በጉልበቷ ተንበረከከች።

ክሪክ ሲያመልጥ ምሰሶው እንደተዘረጋ በጎኑ ይወድቃል። ይኸኛው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ምሰሶው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ዘይቱን የሚለቀውም ብሎን ተፈትቷል። ብሎን ደግሞ በራሱ አይፈታም። ሟቹ ተኝቶበት ከነበረው ቦታ አጠገብ የተከፈተ ሴንጢ ወድቋል። ቀና ብላ ስታይ ወደ ግራው ጎማ የሚሄደው የፍሬን ዘይት ቱቦ ተቆርጧል። ውጩ በእርጅና ተሰነጣጥቋል፤ የተቆረጠው አፉ ግን እንደ አዲስ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩም የፍሬን ዘይት ይንጠባጠባል።

ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ጎማ ዞረች። ቀኙ ጎማ ገና እንዳልታጠበ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ሳለ፣ የዚህ ቸርኬ ግን ውጩም ውስጡም ጸድቶ የብር ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ጎማው በዳዶ በሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ እርጥብ አመድ ተጠቅጥቋል። የሟቹን እጆች ገልጣ አየቻቸው፤ አመድም የጠቆረ ጥፍርም የላቸውም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሞላን ልጅ አለኸኝን ነው። ጅዳ ከተማ ላቫጆ ውስጥ መኪና ሲያጥብ ኖሮ በቅርቡ የተመለሰ ነው፤ ሙሽሪቱን በዚህ ፔጆ ሊወስዳት ፈልጓል። አጎቱ ለዓመታት ማንንም ወደ መኪናው አላስቀረበም ነበር። በሽማግሌ ፊት፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ እየሰማ ስለተለመነ ብቻ ቁልፉን ሰጠ።

«የፍሬን ሸራ ብናኝ ከቸርኬው ጋር ተጋግሯል» አለ አለኸኝ የቸርኬ ማጽጃውን ጠርሙስ እያሳያት። «ይህን ስትነፊበት የብረቱን ብናኝ ይበላና ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። የውጩን ጠዋት አጠብኩ፤ የውስጡ እምቢ ስላለኝ በክሪክ አንስቼ ጎማውን አወለቅሁና ደግሜ ነፍቼ እስኪርስ ትቼው ገበያ ወጣሁ።»

«አመድ ትጠቀማለህ?»

«አመድ? ቀለሙን ይጭረዋል። ጅዳ ቢሆን ያባርሩኝ ነበር።»

አቶ ሞላ ከበሩ ላይ ሆኖ ገዳዩ ከተፈለገ ከአጥሩ ማዶ እንዳለ ተናገረ። ጎረቤቱን መካኒክ ጀብሪልን ማለቱ ነው። ሁለት ጎረምሶች መካኒኩን ክንዱን ይዘው አስገቡት፤ የትምወርቅ እንዲለቁት አዘዘች።

የጠቡ ታሪክ አሮጌ ነው። የፈንታው ሚስት ንግሥቴ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደችው ምስክር የሚባል ልጅ ነበራት። ፈንታው በዚህ ፔጆ አሳፍሮት ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ልጁ ሞተ። ፈንታው ለሽማግሌዎቹ፣ ጀብሪል የገጠመው የግራ ጎማ የፍሬን ቱቦ ፈንድቶ ዘይቱ ጎማው ላይ አለቀ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ ማለ። ነገሩ በእርቅ አለቀ፤ የጀብሪል ጋራዥ ግን ተዘጋ። መኪናውን ልይ ብሎ ቢለምንም ፈንታው መኪናውን ምኑንም ሳያስቀይር በሩን ቆልፎ ከለከለው። ንግሥቴም ጀብሪልን መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር ትተፋ ነበር።

«ይጠሉት ነበር፣ ጋሽ ጀብሪል?»

«አሁንም እጠላዋለሁ። መሞቱ አላበረደልኝም።»

«ዛሬ ወደዚህ ገብተዋል?»

አልገባም አለ። ትናንት ግን ጎማው ሊታጠብ መሆኑን ሲሰማ በአጥሩ ላይ ጮክ ብሎ መናገሩን አልካደም፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ፣ ፈንታው እውነቱን ከሆነ ከብናኙ ሥር ቀለሙ ተልጦ ታገኙታላችሁ ብሎ ነበር። ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

ንግሥቴ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ወደዚያ መኪና እግሯን እንዳላነሳች፣ ጠዋቱንም ወጥ ቤት እንዳሳለፈች በዝግታ ተናገረች። እጆቿ ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። ቀሚሷን ለኀዘኑ ቀይራለች፤ ነጩ መቀነቷ ግን የጠዋቱ ነው፣ ጫፉም ጠቁሯል።

«ይህ ምንድን ነው፣ እትዬ ንግሥቴ?»

«የድስት ጥላሸት ነው፣ ልጄ።»

የትምወርቅ ሁሉንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። አቶ ሞላ ከጀብሪል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልቆምም ሲል፣ እንግዲያውስ ቀብሩ ይዘገያል አለችው፤ ቆመ።

«አቶ ፈንታው በአደጋ አልሞቱም» አለች። «የክሪኩን ብሎን ሰው ፈቶታል። እሳቸው ከሥር የገቡት ጎማ ሊያጥቡ አይደለም፤ ጎማው ወልቋል፣ እጃቸውም አመድ አልነካውም። የገቡት በሴንጢ ቱቦውን ሊቆርጡ ነው። ከዓመታት በፊት ፈነዳ የተባለው ቱቦ እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበር፤ ዘይቱ ገና እየተንጠባጠበ ነው።»

ሞላ ወደ ቱቦው ጎንበስ ብሎ አይቶ ቀና አለ።

«ለምን ዛሬ ቆረጡት? ጎማው ስለታጠበ ነው። ብናኙ ሲለቅ ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ ዘይት ፈሶበት አያውቅም። ጋሽ ጀብሪል ደግሞ ቱቦው እንዲቆረጥ ቀርቶ እንዲነካ አይፈልጉም፤ ስማቸውን የሚመልስላቸው እሱ ብቻ ነበር። መጥተው ቢሆን ሰው ጠርተው ሙሉውን ቱቦ ያሳዩ ነበር። አለኸኝ የውስጡ ሳይጸዳ ገበያ ወጣ፤ አመድም አይነካም። የውስጡን የፈተገው አመድ ከምድጃ የሚያነሳ ሰው ነው።»

የአለኸኝን ጠርሙስ አነሳች። ከወጥ ቤት ያስመጣችውን የሸክላ ድስት ቂጥ በነጭ ጨርቅ ጠርጋ የጠቆረው ላይ ነፋችበት፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ጥላሸት አይለወጥም። የአለኸኝና የጋሽ ጀብሪል ልብስ የመኪና ብረት ብናኝ ስለማያጣው ቢለወጥ ምንም አያሳይም። እትዬ ንግሥቴ፣ መቀነትዎን ያቀብሉኝ።»

ንግሥቴ ራሷ ፈታ ሰጠቻት። ፈሳሹ ሲነካው የጠቆረው ጫፍ ቀስ በቀስ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ሽታው መጠለያውን ሞላው።

«የጀብሪልን ውሸት ላጋልጥ ብዬ ነው የገባሁት» አለች ንግሥቴ። «ቀለሙ ተልጦ ላየው ነበር የፈለግሁት። ፈተግሁ፣ ፈተግሁ፤ ቀለሙ ደህና ነው። ፈንታው መጥቶ አየኝ። ምንም ሳይለኝ ሴንጢውን አውጥቶ ከሥር ገባ። ምን እያረግህ ነው አልኩት። ‹ዝም በይ፣ ሰው ሳይመጣ ልጨርስ› አለኝ። ያን ቀን አረቄ ሲሸተኝ ፍሬኑ ነው ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ለካ ጠጥቶ ነው ልጄን የገደለው። ክሪኩ እግሬ ሥር ነበር።»

«ወንድሜን ለአንድ ቃል?» አለ ሞላ ዱላውን እያነሳ። የትምወርቅ በመካከላቸው ቆመች።

«ለቃል አይደለም» አለች ንግሥቴ። «አንተም ታውቅ ነበር። አረቄ ቤት አብረኸው ነበርክ ያን ቀን።»

ሞላ ዱላውን አወረደ። ዘመዱ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ፖሊሶቹ ንግሥቴን ሲያወጧት ጀብሪል ፊት ቆመች። «አውፍ በለኝ» አለችው።

«ስለ ምራቁ አውፍ ብያለሁ» አላት ጀብሪል። «ስለቀረው አትጠይቂኝ።»

ፈንታው በዚያው ቀን ተቀበረ። በዚያ አገር ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ፣ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ አፈር ሳያለብስ አይቀርም። ጀብሪል ግን ሬሳው በደጁ ሲያልፍ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ እስኪርቅም ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ። ለምን ቀረህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።