የቆሬማ ምንጭና የምስጋና በሮች

የቆሬማ ምንጭ አሸዋ በተፋበት ማለዳ፥ ከምድር ሆድ የወጣ የሚመስል ረጅም ማቃሰት በሸለቆው ተሰማ። እንስራ ይዘው የወረዱት ሴቶች ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ውሃ ይፈልቅበት ከነበረው ዓለት ቀይ አሸዋ እየተንፎለፎለ ወጣ፤ ምንጩ እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። በቃ። የአያት የቅድመ አያት ምንጭ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ለምን ያላችሁ እንደሆነ፥ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግልጽ መሆኑ ነው የሚያናድደው። በዘርማን መንግሥት ውሃን ከምድር የሚጠራ ሰማያዊ ዕንቁ የሚገኘው በቆሬማ ተራራ ሆድ ብቻ ነበር። የቆሬማ ሰዎች ይቆፍራሉ፤ የንጉሥ ጫኞች ይወስዳሉ፤ ዕንቁው በመናገሻዋ ከተማ በሰገነት ፏፏቴ ይሆናል፥ የአትክልት ቦታ ይሆናል፥ የባለሟል ፈረስ መታጠቢያ ይሆናል። በመጨረሻም የሁሉ እናት የሆነችው ትልቋ ዕንቁ ተቆፍራ ሄደች። ንጉሡ ግን ውለታ ቢስ አልነበረም፤ እግዜር ያሳያችሁ! በየዓመቱ ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ለቆሬማ የምስጋና በር ያሠራ ነበር።

አዎን፥ በር። አጥር የሌለው፥ ቤት የሌለው፥ አንበሳ ተቀርጾበት ሜዳ ላይ የተገተረ የድንጋይ በር። የዘርማን ወግ ነው፤ ብዙ የሰጠ አገር ትልቅ በር ይቆምለታል። በሩ ሲሠራ ግንበኛው፥ ጠራቢው፥ ወጥ ቤቱ ከሰገነት ይጎርፋል፤ ጠላ ቤት ይከፈታል፤ ሽንኩርት እንኳ ዋጋው አይቀመስም። ጎረምሳው ሁሉ እርሻውን ጥሎ ድንጋይ ይሸከማል። በሩ ሲያልቅ ሁሉም ይሄዳል። ጎረምሳውም እርሻው ዳዋ ለብሶ፥ ሥራው አልቆ፥ በበሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛጋል። መንገድ የለም፤ ድልድይ የለም፤ የውሃ ማጠራቀሚያ የለም። በር ግን ሞልቷል።

አስካል የምትባል ወጣት ቆፋሪ ነበረች። እኅቷ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ስለነበር ተነሥታ ልትሰደድ አትችልም። በቤታቸው የቀረው አንድ ጋን ውሃ ነው። አስካል በደረቀው ምንጭ አፍ ላይ ቆማ ዶማዋን ወደ ሰማይ አነሣች።

«እናቴን የበላ አፈር ይስማኝ! እናት ዕንቁ ከሰገነት አደባባይ ተነቅላ እዚህ ሳትመለስ ከእኅቴ ደጅ አልገባም!»

«መሐላውስ ጥሩ ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ማን ሊሸከማት ነው? መቼም እኔ ነኛ!»

ተናጋሪው ድንቡር ነበር፤ እንደ ጎሽ ቀንዳም፥ እንደ ግመል አንገተ ረጅም፥ አንደበት የተሰጠው የጭነት አውሬ። ዕድሜውን የጨረሰው የበር ድንጋይ ሲያመላልስ ነው።

«ማን አስገደደህ?» አለችው።

«ማንም። ማጉረምረም ግን መብቴ ነው።»

የቆፋሪዎቹ አለቃ ጋሽ ዘገዬም ዶማውን ይዞ ተከተላቸው። በጥም ሸለቆ ሲያልፉ፥ ክንፋቸው ከአቧራ የተሠራ ጆፌ አሞሮች የሰው ላብ ሸትቷቸው እንደ ማዕበል ወረዱባቸው። አስካል በዶማ፥ ድንቡር በቀንዱ መከቱ። ጋሽ ዘገዬ ግማሽ ጆሮውን እዚያው ተወ።

«ደግ ነው» አለ ደሙን እየጠረገ። «የድንቡርን ስሞታ በግማሽ እሰማለሁ።»

ሰገነት ሲደርሱ አፋቸውን ከፈቱ። መንገዱ በውሃ ይታጠባል፤ ከየግንቡ ጫፍ ፏፏቴ ይወርዳል፤ አህያው እንኳ ወዙ ያበራል።

«የኛ ተራራ እዚህ ነው እንዴ ያለው?» አለ ድንቡር።

ንጉሥ አምኃ ከዙፋኑ ተነሥቶ ተቀበላቸው። «የዘርማን ጡት የሆናችሁ የቆሬማ ልጆች፥ እንኳን ደህና መጣችሁ! ውለታችሁ ከፊታችን አይጠፋም። እነሆ፥ ዘንድሮ እስከ ዛሬ ከቆሙት ሁሉ የሚበልጥ በር አዘናል!»

«ጃንሆይ፥ በር በቃን!» አለች አስካል። «በበሩ ገብተን የት እንሂድ?»

የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ ልዑልሰገድ ተቆጣ። «አፍሽን ያዢ! ከግምጃ ቤቱ እንደ ቆሬማ የወጣለት አገር የለም!»

«ወጥቷል፥ ጌታዬ። ግንበኛው የሰገነት፥ ጠራቢው የሰገነት፥ የሚበሉት ዱቄት ሳይቀር የሰገነት። ያወጣችሁት ዞሮ ለናንተው ገባ። ለኛ የተረፈን ሸክሙ ነው። ዛሬ ምንጫችን አሸዋ ይተፋል፤ እኅቴ በጥም ልትወልድ ነው!»

ንጉሡ ግራ ተጋባ። «ግን እኮ እልል ትሉ ነበር። በየምረቃው እልልታችሁ ይነገረኝ ነበር።»

ጋሽ ዘገዬ አንገቱን ደፋ። «እልል ያልነው ለፍሪዳው ነው፥ ጃንሆይ። ሥጋ የምናየው በምረቃ ቀን ብቻ ነው።»

ንጉሡ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀለበቱን አውልቆ ለአስካል ሰጣት። «መስጠቴን አውቃለሁ፤ ምን እንደሰጠሁ አልጠየቅሁም። በዙፋኔ እምላለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ለቆሬማ የሚወጣው ሁሉ ቆሬማ በመረጠችው ሥራ ላይ ይውላል። ከዕንቁውም እኩሌታው በተራራው ይቀራል። እናት ዕንቁንም ውሰጂ። በባዕድ ምድር ውሃ ለመጥራት ወራት ፈጅቶባት ነበር፤ በተወለደችበት ዓለት ግን ወዲያው ትጠራለች። ነገር ግን በጉዞ የሚሸከማትን ሥጋ ውሃ ትመጥጣለች። ስትመጣ ብዙ አውሬ እየተፈራረቀ ተሸክሟት ነበር።»

«እንግዲያው አውሬ ስጡን» አለች አስካል።

በጅሮንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አውሬዎቹ ሁሉ የዘንድሮውን በር ድንጋይ ጭነው ቆሬማ ሄደዋል።»

ድንቡር ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ነኝ አላልኩም?»

ከአደባባዩ ገንዳ ሆዱ እስኪወጠር ጠጣ፤ ዕንቁዋን ጀርባው ላይ አሰሩለት፤ ሄዱ። ቆዳው በጉዞው መካከል እንደ ክረምት ናፋቂ መሬት ተሰነጣጠቀ። አስካል እያለቀሰች «ልቀበልህ» ትለዋለች።

«አንቺ ስንት ጠብታ ነሽ? እዚያ ኮረብታ እንኳ አትደርሺም። ይልቅ ይህን መንገድ እዪልኝ! ከነዚያ በሮች በአንዱ ዋጋ ቢጠርጉት ምን ነበረበት?»

በመጨረሻው ዳገት ድምፁ ሰለለ፤ ማጉረምረሙን ግን አላቆመም። ከምንጩ አፍ ደርሶ ተንበረከከ። ዕንቁዋ ተንሸራታ የተወለደችበት ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ተራራው ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው እየጮኸ ወጣ። ሸለቆው በሙሉ ወደ ምንጩ ሮጠ። ጋሽ ዘገዬ የመጀመሪያውን እንስራ ሞልቶ ወደ ሰናይት ቤት በረረ።

በዚህ መካከል የዘንድሮውን በር ሊሠሩ የመጡት ግንበኞች አለቃ ከሜዳው መጣ። «እመቤቴ፥ አንበሳው ፊቱን ወዴት ያዙር?»

አስካል የንጉሡን ቀለበት አሳየችው። «አንበሳውን ተወው። ድንጋዩን ወደዚህ አምጣ፤ ገንዳ ይሠራበታል፤ የሚሠሩትም የኛ ልጆች ናቸው፤ አሠራሩን ታስተምሯቸዋላችሁ።»

ከዚያ ወደ ድንቡር ተመለሰች። ትልቁ ገላው የደረቀ አቁማዳ መስሎ ነበር። በእፍኟ ውሃ ቀድታ ምላሱ ላይ አፈሰሰችለት።

ድንቡር በግድ ዋጠ። ፊቱን አኮሳተረ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

«ይጠራል፥ ወንድሜ» አለች አስካል፤ ሌላ እፍኝ እየቀዳች። «ነገ ይጠራል።»

እስትንፋሱ በእጇ ላይ ቆመ።

በማግስቱ ውሃው ጠራ። የሰናይትን ልጅ ያጠቡት በርሱ ነው።