የእህቷ ልክ

ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ስፌት ቤቱ ገብታ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ጭንቅላት የሌላት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ዛሬም ወደ ታላቅ እህቷ የስፌት መኪና ዞራለች። ሰኞ መስኮቱ ጋ ነበረች። ማክሰኞ ጠረጴዛው ጋ። ዛሬ ሐሙስ ከእህቷ ወንበር አንድ ክንድ አትርቅም፤ አንገቷ ላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጠፋው የእህቷ ሰማያዊ ሻርፕ ታስሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

እህቷ ቀና አላለችም። «ወገቧን እዪው።»

ለደንበኛ ሲሰፋ አሻንጉሊቷ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀለልና የደንበኛዋን ልክ ትይዛለች። ይህን ልክ ያዘዘ ደንበኛ ግን የለም። ጠባብ ወገብ፣ ከግራው ዝቅ ያለ ቀኝ ትከሻ። ያንን ትከሻ ልጅቷ ታውቀዋለች፤ ታዝላበት አድጋለች።

«ማን ለካሽ?»

«ማንም።»

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ቀውሷል።»

«ቢቀውስ ደግ። እያወቀ ነው።»

የስፌት ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ «ሜትር» ይሉታል፤ መለኪያው ከአንገቱ አይወርድም። ሴቶቹ ጋ ሲደርስ ግን በእጁ እየለካ «የእኔ እጅ አይሳሳትም» ይላል፣ ሁሉም ይስቃሉ። አለቃ ባያስቅም ይሳቅለታል።

ትናንት ልጅቷ መጋረጃው ጋ ቆማ በመስታወቱ አይታዋለች። ከኋላ መጥቶ ሁለት እጁን እህቷ ወገብ ላይ አሳረፈ። እህቷ ደረቀች። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንደቀረ መኪናው ብቻውን ሲንጣጣ፣ መርፌው ጣቷን ወጋት። ከዚያ የሜትር ዓይን በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷን አገኛት።

«አንቺ፣ ምን አየሽ?»

«ምንም» ነበር ያለችው።

እህቷ ስትቀጠር ዋስ የሆነላት አጎታቸው ነው። ዋስ ዘመድ ከአሠሪ ይብሳል፤ ውለታውን እስከ መቃብር ያስታውሳል። ዛሬ ጠዋት እህቷ ሥራውን ልልቀቅ ብትለው፣ ጫማውን እያሰረ፣ «ውሉ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል። ጥርስሽን ነክሰሽ ጨርሺ፣ እኔንም አታዋርጂኝ» ብሏት ወጣ። ውሉን አንብቦት አያውቅም። ድሃ ከመፈረሙ በፊት ላንብብ ሲል እንደ ጥጋብ ይቆጠርበታል፤ እህቷም ያኔ «ቸኩለናል፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ነው የተባለችው።

አሁን ያንኑ ውል ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። «አንቀጽ ዘጠኝ።»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች። «ሠራተኛዋ ክብሯን የሚነካ ድርጊት ከተፈጸመባት፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጻ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች።»

«ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ሜትር ‹ፈጠራ ነው› ይላል፣ አጎትሽም እሱን ያምናል። ያየ ሰው ያስፈልገኛል፤ ካልሆነ ሠላሳውን ቀን እዚህ ነኝ።» የቆሰለ ጣቷን ጨበጠች። «አላስገድድሽም፣ ሚጡ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ሜትር ሁለቱንም ሳያይ መጥቶ አሻንጉሊቷን በትከሻዋ ያዘ፣ ቀስ አድርጎ አዞራት፣ ሻርፑን አስተካከለላት።

«እንዴት ናት? ይቺ አታኮርፍም። እለቃለሁም አትልም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺም ጎበዝ ነሽ፤ ያላየሽውን አታወሪም። አይደል?»

የሌሎቹ መኪናዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ።

እህቷ ተነሳች። ሻርፑን ከአሻንጉሊቷ አንገት ፈታችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መቀሷንም ጨመረች።

ልጅቷ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለአሻንጉሊቷ ሰጥታ። ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት ገነጠለች።

«እትዬ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ነበር?»

«አሥር ከሩብ።»

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፈች።