የአርዲቦው ዓሣ

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እየዞረ ሲወጣ፣ ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ይዘው ዓሣ የጫነው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ረዳቱ ከሪማንና ሀኒን ጠቆመ። «ሳይንቲስቶች ናቸው እማማ፤ ይቻሏቸው።» ተሳፋሪው ሳቀ። ሀኒ ግን ከኮምቦልቻ ጀምሮ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

«ኬሪ፣ እንዳትቆጪ» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «አርዲቦ አልሄድኩም።»

ከሪማ ጭኗ ላይ ያለውን የደረቀ ዓሣ ካርቶን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ያኔ ረመዳን ሆኖ ከሪማ ትጾም ስለነበር ዓሣውን ለማምጣት ሀኒ ብቻዋን ነበር የሄደችው። ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው መኪና አልሞላ ብሎ ሲመሽባት፣ ሁሉንም ሎጎ ሐይቅ ዳር ከአንድ አጥማጅ ገዝታ ተመለሰች።

ለደሴው የሳይንስ ውድድር ጥያቄውን ያገኙት ከፕላዝማው ትምህርት ነው። የውቅያኖስ ጅረቶች የዓሣ ጫጩቶችን ከቦታ ቦታ እየወሰዱ ዘራቸውን ያደባልቃሉ። የአየር ንብረት ተለውጦ ጅረቱ አቅጣጫ ሲቀይር ግን አንዱ ወገን ከሌላው ይነጠላል፤ በጊዜ ብዛትም ዘረመሉ ይለያያል። ወሎ ውቅያኖስ የለውም። ከሪማ ግን ከአርዲቦ ወደ ሎጎ የሚወርደውን ወንዝ አሰበች። ዝናብ አጥሮ ወንዙ ቢደርቅ፣ ቆሮሶ የሚባለው የሁለቱ ሐይቆች ዓሣ ይለያይ ይሆን? ዘረመል መመርመሪያ ስለሌላቸው የዓሣዎቹን ክንፍና ቅርፊት አነጻጸሩ። ምንም ልዩነት አልነበረም። «ወንዙ ዛሬም ያገናኛቸዋል» ብላ ለውድድሩ ባዘጋጁት ሰሌዳ ላይ በትልቁ የጻፈችው ራሷ ከሪማ ናት።

አሁን ገባት። ልዩነት ከየት ይመጣል? ሁሉም የአንድ ሐይቅ ዓሣ ነው።

«ማንም አያውቅም» አለች ሀኒ። «ካሸነፍን ባሕር ዳር ነን። ጋሽ በላቸው ለስንቱ መምህር ጉራ ነዝተውብናል፤ ቢሰሙ ዓይናቸውን የማየው እንዴት ነው? ወላሂ አልናገርም በይልኝ።»

ከሪማ አልማለችም። እምቢ ማለትም አቃታት።

ደሴ ደርሰው የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ተራቸውን ሲጠብቁ ከሪማ ነገሩን ታወጣ ታወርድ ነበር። ብትናገር ሀኒ በሰው ሁሉ ፊት ትዋረዳለች። ዝም ብትል፣ ማንም ያላየውን ነገር ታይቷል ብላ ልታስተምር ነው። መምህራቸው ጋሽ በላቸው ከኋላ ሆነው አይዟችሁ እያሉ በእጃቸው ምልክት ይሰጧቸዋል። ሀኒ ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ዳኛዋ ሰሌዳውን አነበቡና ቀና አሉ። «ወንዙ እንደሚያገናኛቸው በምን አወቃችሁ?»

ከሪማ የዓሣውን ካርቶን ከፍታ ለዳኛዋ አሳየች።

«አላወቅንም። የአርዲቦን ዓሣ አላመጣንም። እዚህ ያለው ሁሉ የሎጎ ነው። ጥያቄያችንን ግን ላስረዳዎት።»

«አላመጣንም» ስትል ሀኒ ቀና ብላ አየቻት። ከሪማ ወደ ጋሽ በላቸው ሳታይ ስለ ጅረቱ መናገር ጀመረች። ጥቂት እንደቆየች ሀኒ ከጥጉ ወጥታ መጣችና ጎኗ ቆመች።