ካውያው ግሎ ነበር

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ሳል የለብኝም። ቂም ግን ከአስር ዓመት በላይ ይዤ፣ ስነሳም ስተኛም አብሬው ኖሬአለሁ። በምን ነው ሲሉኝ «በአንድ ቀሚስ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። እስቲ ልጨርስና ከዚያ ሳቁ።

እኔና እሱ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር የምንሠራው። እኔ ገንዳው ላይ፣ እሱ ካውያው ላይ። የካውያው ሙቀት ማስተካከያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አሠሪያችን ደግሞ የሚሠራ ነገር አትጥልም። ስለዚህ ሙቀቱ የሚለካው በእጅ ነበር። የእጅን ጀርባ ወደ ብረቱ ታስጠጋለህ፣ ወላፈኑን ትሰማለህ፣ ይሄ ለወፍራም ነው፣ ይሄ ለስስ ነው ትላለህ። በዚህ እሱን የሚያህል አልነበረም።

ዝምተኛ ነው። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። እኔ ለሁለት አወራለሁ፣ እሱ ለሁለት ዝም ይላል፤ በዚህ ተስማማን። ከእንፋሎቱ መሃል ቀና ብሎ ያየኛል፤ ሳየው ዓይኑን ሸሚዙ ላይ ይጥላል። እንዲህ እንዲህ እያልን ለሰርግ ደረስን።

ስስ ነጭ ቀሚስ አሰፋሁ። በሰርጋችን ዋዜማ «ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ነኝ የምተኩሰው» አለ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰሞን ሲሸሸኝ ነበር። እጄን ስሰጠው ያዝ ያደርግና ቀስ ብሎ ይለቃታል። ምን ሆንክ ስለው ምንም ይላል።

ገንዳው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ስደርስ ቀሚሱ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ወጥቶበታል። እሱ ካውያውን ይዞ ቆሟል።

«ሆን ብለህ ነው?» አልኩት።

ዝም።

አይደለም ቢለኝ አምነው ነበር። አዎ ቢለኝም አንድ ጥፊ አቅምሼው ይወጣልኝ ነበር። በማግስቱ ሙሽራው የለም። በሱ ፈንታ ታላቅ እህቱ መጥታ «አይፈልግሽም፣ ልቀቂው» ብላኝ ሄደች። እንግዲህ ቂሜ በቀሚሱ አይደለም። በዝምታው ነው።

ከዚያ ወዲህ አላገባሁም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። አንዱ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ከዚያኛው መልስ ላግኝ እላለሁ። ጓደኞቼ አበደች አሉ። ይበሉ።

አንድ ጠዋት የደንበኛ ልብስ አድርሼ ስመለስ፣ በማላውቀው ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። በውስጥ በር በኩል ምድጃው ይታያል። አንድ ሰው የጋለውን የዳቦ ትሪ በባዶ እጁ ይዞ ብቅ አለ። ሻጯ ኮራ ብላ «የኛ ብረቱ እሳት አይፈራም» አለችኝ። ብረቱ የሚሉት እሱን ነው። ቀና ሲል አወቅሁት።

ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። አፌ ላይ ጠፋ። አንድ ትከሻው ወርዷል። ጣቶቹ ቀጥነዋል፣ በአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ አልቋል። ሲራመድ ግራ እግሩን ይጎትታል። መዳፉ ደግሞ ቆዳው ተነስቶ ቀይ ሥጋ ይታያል።

«እጅህ» አልኩት።

የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየውና «ኧረ» አለ። እንዲህ ብቻ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ትሪውን አስቀመጠ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

እኔ ግን ዞረብኝ። ይሄ ሰው እሳት የማይሰማው ከሆነ፣ ያን ቀንስ? ያን ቀንም ካልሰማው እኔ በማን ላይ ነው ቂም የያዝኩት? የሚነግረኝ ሐኪም ብቻ ነው ብዬ ወሰንኩ። እንግዲህ በፍቅር እንዳይመስላችሁ። መልስ ፈልጌ ነው። ቢያንስ ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የምለው።

ሐኪም ዘንድ አልሄድም አለኝ። ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ከሰርጋችን በፊት መቼ እንደተቃጠለ የማያውቀው ቁስል ጣቱ ላይ አግኝቶ ለእህቱ አሳይቷል። እህትየው፣ ይሄ እጅ የሚበላ የቆዳ በሽታ ነው፣ ይተላለፋል፣ የሰው ልጅ አብረህ እንዳታጠፋ ብላዋለች።

«ታዲያ ለእኔ አዝነህ ነው የሄድከው?»

ዝም አለ።

«አሁንም ዝም ካልክ ያንን ትሪ ጭንቅላትህ ላይ ነው የማሳርፈው» አልኩት። ሳቀ። ስንት ዓመት ሆኖኛል ያንን ሳቅ ካየሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ይባስ ተወሳሰበ። እጁ እንደከዳው ቀድሞ ጠርጥሮ ከነበረ፣ ለምን ቀሚሴን ከሰው እጅ ቀምቶ ያዘ? ቀሚሱን አበላሽቶ ራሴ እንድተወው ፈልጎ ይሆን? ወይስ እጁን ሊፈትን? ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

ሐኪም ፍለጋ ወጣን። የቆዳ ሐኪሙ አገላብጦ አየና ይሄ ቃጠሎ እንጂ የቆዳ በሽታ አይደለም፣ የሚተላለፍም ነገር የለበትም፣ የነርቭ ሐኪም ፈልጉ አለን። ያን ቀን ከበሩ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት ከሰው ጋር በአንድ ብርጭቆ ጠጥቶ፣ የሚሸጥ ዳቦም በእጁ ነክቶ አያውቅም ለካ።

ከዚያ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አንዱ የቫይታሚን እጥረት ነው ብሎ መርፌ አዘዘ። አንዱ የአንገት አጥንቱ አልቋል ብሎ የአንገት ድጋፍ አሰረለት፤ ዳቦ ቤት ብረቱ ቀርቶ ቀጭኔ ሆነ። አንዱ ደግሞ ጭንቀት ነው አለ፤ «የሚያስጨንቀው ሰው አለ?» ብሎ እኔን አየኝ። ሁሉም የየራሱን ስም ይሰጠዋል። እኔ ፊደል ቆጥሬ የተውኩ ሰው፣ አንዱን ስም ሳልይዝ ሌላው ይመጣል።

እግሩ እየባሰ ሄደ። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳውና ከነሙሉ ቁመናው ወደቀ። ሳነሳው አልተጎዳሁም ይለኛል። መጎዳቱን በምን ያውቃል? ያኔ ነው የፈራሁት። ስለ ቀሚሱ ሳይሆን ስለ እግሩ።

የእኛ ማጠቢያ ቤት የሐኪሞች ነጭ ጋዎን ያጥባል። አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጋዎኑን ሊወስድ የመጣውን ሐኪም ሁሉ «አልደረቀም፣ ትንሽ ቁጭ በል» እላለሁ፤ ከዚያ የእሱን ነገር ከሥር መሠረቱ እነግረዋለሁ። ማን ዘንድ ልውሰደው ብዬ እጠይቃለሁ። ስም ሳይሰጠኝ ጋዎኑ አይደርቅም። አሠሪዬ «ሥራዬን ልታዘጊብኝ ነው» ብላ ጮኸችብኝ። በመጨረሻ አንድ ሰመመን ሰጪ ሐኪም፣ ቀዶ ጥገና እየጠበቀው ቸኩሎ የመጣ፣ ነገሬን ሰምቶ ቆም አለ። እሳት አይሰማውም፣ ሲነኩት ግን ይሰማዋል? አለኝ። እኔ ምን አውቄ። ሌላ ከተማ አንዲት የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪም አለች፣ እሷ ትየው አለ። ጋዎኑን ወዲያው ሰጠሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ ነበር።

ህብለ ሰረሰር የሚባል ገመድ በጀርባ አጥንት ውስጥ እንደሚያልፍ ያኔ ነው የሰማሁት። እኔ አጥንት ውስጥ ቅልጥም ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ድምፅዋ ቀስ ያለ ሴት ናት። ዓይኑን አስጨፈነችው። አንድ ብልቃጥ ሙቅ ውሃ፣ አንድ ብልቃጥ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ክንዱንና ትከሻውን በየተራ ነካችው። የትኛው ነው ትለዋለች፤ ሁለቱም አንድ ነው ይላታል። ከዚያ በጥጥ ጫፍ፣ እንደ ዝንብ ነካ አደረገችው።

«ጥጥ ነው» አለ።

እሳት ያልሰማ እጅ ጥጥ ሰማ። ይሄ ምን ዓይነት ጉድ ነው ብዬ ዓይን ዓይኗን አየኋት።

ለፎቶ ወደ ማሽኑ ሲልኩን ኮሪደሩ ላይ ተራ ጠበቅን። ሳላስበው እጄ እጁ ላይ አርፏል።

«ይሄ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል። ያኔም ይሰማኝ ነበር» አለ። «ሙቀቱ ነው የጠፋብኝ።»

«ታዲያ ለምን ትለቀኝ ነበር?»

ከፊታችን አንዲት ሴት ተጠርታ ገባች።

«እጅሽ ሞቃት ነበር፤ አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን፣ ቁስሉን ገና ሳላገኝ፣ ስይዘው ሙቀት የለውም። ሁሌ በእጄ ነው የምለካው፤ እጄ ይዋሸኛል ብዬ አላሰብኩም። የቀዘቀዝሽብኝ አንቺ መሰልሽኝ።»

ሰውን እንደ ካውያ የሚለካ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልስቅ ነው፣ ልቆጣ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ ለራሴም አልለይ አለኝ። እኔ እሱ ቀዘቀዘብኝ ብዬ፣ እሱ እኔ ቀዘቀዝኩበት ብሎ፤ ሁለታችንም ስንነድ።

ሐኪሟ ፎቶውን አየችና አስረዳችን። ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። ውሃው ከውስጥ እየገፋ መጀመሪያ ሙቀትና ሕመም የሚያደርሱትን ክሮች ጎድቷል፤ አሁን ወደ እግሩ የሚወርዱትን ይዟል። ማጅራቱን ከፍታ ለውሃው መንገድ መስጠት ትችላለች። የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል፤ እግሩን ግን እናተርፋለን ብላ ታስባለች። አደጋም አለው። ካልተሠራ አልጋ ላይ መቅረቱ የጊዜ ጉዳይ ነው።

እኔ ከሁሉም በፊት ያንን ጥያቄዬን አመጣሁ።

«ዶክተር፣ የዛሬ አስር ዓመት ገደማ ይሄ ነገር ነበረበት? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ይንገሩኝ፤ ካውያ ይዞ ሳለ ይሰማው ነበር ወይስ አልነበረም?»

«እህቴ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው። ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል። የዚያን ቀን የሰማውን እኔ ማወቅ አልችልም።»

ለዚህ ነው እንግዲህ አገር ያዞርኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ቀጠሮ ተያዘ። እህቱ ሰማችና መጣች፤ አንገቱን አስከፍተሽ ልትገይው ነው አለችኝ። እኔም የቆዳ ሐኪሙን ነገር አነሳሁባት። ዝም አለች። ለካ ዝምታው የዘር ነው። በኋላ ቀስ ብላ፣ ሆስፒታል ስትሄዱ እኔም እመጣለሁ አለች። እሺ አልኳት፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቂም አልተረፈኝም።

እሱ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ካልዳንኩ ሸክም ልሆንብሽ አልፈልግም፣ ስድን ያኔ እንጋባለን ይላል።

«ከዳንክማ ማንም ታገባሃለች» አልኩት። «ሰልፉ አጭር የሆነው አሁን ነው።»

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን። ምስክር የእኔ አሠሪና የዳቦ ቤቷ ሻጭ ሆኑ። አሠሪዬ ከፊርማው በኋላ፣ አሁንስ የደንበኛ ጋዎን ይደርቃል? ብላ ጠየቀችኝ።

ቀዶ ጥገናው ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ። እግሩ ተረፈ፤ በምርኩዝ ይሄዳል። እጁ ሙቀት እስከ ዛሬ አይለይም። የሚታጠብበትን ውሃ የምለካለት እኔ ነኝ፤ ትሪ እንዳያስነኩት የዳቦ ቤቱን ሰዎች አስምያለሁ፤ ሒሳብ ተቀባይ አድርገውታል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ያስገቡት ጠዋት የሆነውን።

ባለ ጎማው አልጋ ላይ አጋድመውታል። ፀጉሩን ከኋላ ላጭተውታል፤ እህቱ ግድግዳ ተደግፋ ትጸልያለች። ነርሷ አልጋውን ልትገፋ ስትል እጄን ሳብ አደረገኝ።

«ስሚ፣ ሳልገባ ልንገርሽ» አለ። «ይዤው ባልገባ ይሻላል። ያን ቀን ካውያው ግሎ ነበር። እኔም ቀሚስሽ ላይ ሳሳርፈው...»

ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሷል። አንድ ትንፋሽ ብቻ ቀርቶታል።

አፉን በመዳፌ ከደንኩት።

«አትንገረኝ» አልኩት። «ዛሬም አትንገረኝ፣ ስትነሳም አትንገረኝ። ሳይሰማህም ከሆነ ይሁን፣ ሆን ብለህም ከሆነ ይሁን። ሁለቱንም ነው ያገባሁት።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ከመዳፌ ሥር ከንፈሩ ሲስቅ ተሰማኝ። ነርሷ «እናቴ፣ እጅሽን አንሺ፣ ልናልፍ ነው» አለች። እስከ በሩ ድረስ አላነሳሁም።