ጠረን የሌለው ቅጠል

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ የተገኙት ስዊድን፣ ሃሉንዳ ባለው ቤታቸው፣ ከወጥ ቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ነበር። ከፊታቸው ግማሹ የተጠጣ ሻይ፣ አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው ፀደይ የተኙ መስሏት «አባዬ፣ ረፈደብን እኮ» አለቻቸው። እጃቸውን ስትነካው ግን በረዶ ሆኖባታል።

ሐሙስ ዕለት የምርመራው ውጤት መርማሪ ዲቦራ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሰውየውን የገደላቸው ልብን የሚያውክ የቅጠል መርዝ ነው፤ ቅጠሉም የተገኘው ቆርቆሮው ውስጥ ካለው ደረቅ የጦስኝ ሻይ ጋር ተቀላቅሎ ነው።

ዲቦራ አዲስ አበባ ተወልዳ እዚያው ሃሉንዳ አቅራቢያ ፊቲያ ያደገች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስልኳ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የሚታያት አምቡላንስ ነው። ባልደረቦቿ በዚህ ይስቁባታል፤ እሷ ግን የከፋውን ቀድሞ ማሰብ ለእንጀራዋ እንደጠቀማት ታውቃለች። ደህና ነው ተብሎ የታለፈ ነገር ሁሉ ያስፈራታል።

«አባትሽ ከመሞታቸው በፊት ያሉሽ ነገር አለ?» አለቻት ፀደይን።

ፀደይ በስዊድንኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። «ያቅለሸልሸኛል ይል ነበር። ደግሞ... የሚያስቅ ነገር ነው፤ ‹መጋረጃውን ማን ቢጫ ቀባው?› አለኝ። መጋረጃው እኮ ነጭ ነው! መነጽርህን ቀይር አልኩት።» እንባዋ መጣ። «ሳቅኩበት።»

«ቆርቆሮውን ማን ሰጣቸው?»

«አትክልት ቦታ አብራው የምትተክለው አስካለ ማርያም ናታ! ለሳሉ ጦስኝ ብላ። በቅጠሏ አባቴን ገደለችው።»

ይህን ያለችው ፀደይ ብቻ አልነበረችም። ኮሎኒ የሚባለውን፣ ከሜላረን ሐይቅ ዳር ያለውን የአትክልት ቦታ የሚያስተዳድረው ቦርድ የሐበሾቹ መደብ በሙሉ እስከ ቅዳሜ እንዲነቀል አዟል። ዐቃቤ ሕጉም ወይዘሮ አስካለ ማርያምን ሰው በመግደል ለመክሰስ የዲቦራን ሪፖርት ብቻ እየጠበቀ ነው።

ዲቦራ ኮሎኒው ስትደርስ አስካለ ማርያም መኮትኮቻዋን እንደ ጦር ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ስድሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ደረቷ ሰፊ ሴት ናት።

«ልትነቅይ ከሆነ የመጣሽው መጀመሪያ እኔን ንቀይ!»

«ልጠይቅዎት ነው እንጂ ልነቅል አልመጣሁም፣ እትዬ አስካለ።»

«የማን ልጅ ነሽ? አማርኛሽ ደህና ነው።» መኮትኮቻውን ዝቅ አደረገችው፤ አልለቀቀችውም። «ትናንት ነው ከዬተቦሪ ከተማ የገባሁት። ልጄ ወልዳ አራስ ስጠይቅ ከርሜ፣ መርዶ ሰምቼ ብመጣ ገዳይ ተብዬ ጠበቁኝ። እንደ ወንድሜ የማየውን ሰው ነው ያጣሁት፤ ገና አልቀበርኩትም እንኳ!»

«ቆርቆሮው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ጦስኝ ሞልቼ ከመሄዴ በፊት ሰጠሁት። ሌላ ነገር ከገባበት እኔ አላስገባሁም።» መደቡን በእጇ አሳየቻት። «ቦታችን ጠባብ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ተቀምጠን መረጥን፤ ለቤት የሚያስፈልገውን ብቻ። ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት። ዳማከሴ ለምች፤ ብርድ አይችልም፣ በማሰሮ ተክዬ ክረምቱን መስኮት ላይ ነው የማሳድረው። ጦስኝ ለሳል። ኮሰረትና አሪቲ። በቃ። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ በጣትሽ ስታሺው የማይሸት ቅጠል እዚህ አይገባም። ዓይን ይሳሳታል። በሰው አገር ደግሞ ይብሱን ይሳሳታል። አፍንጫ ግን አገር አይለውጥም።»

«ሁሉም ተስማሙ?»

«ወንዶቹ መቼ ይስማማሉ? ከአጥሩ ስር በራሱ የበቀለ ሰፊ ቅጠል አገኙ። ፀጉር ፀጉር ያለው። የአህያ ጆሮ ነው፣ አገር ቤት ለሳል የሚቀቀለው ነው ብለው ተንጫጩ። ማን ቀድሞ እንዳለው እንጃ፤ ብርሃነና ባልንጀራው ዶክተር ዕንባቆም አንዱ የጀመረውን አንዱ ነው የሚጨርሰው። እኔ አሸሁት፤ ምንም አልሸተተኝም። አይገባም አልኩ። ዶክተሩ ‹አንቺ፣ ከአፍንጫሽ በላይ ሳይንስ አለ› ብሎ አላገጠብኝ።»

«አሁን የት አለ?»

አስካለ ወደ አጥሩ ስር መራቻት። ሰፊው ቅጠል የለም። በቦታው አንድ የጦስኝ እግር ተተክሏል።

«ይህንን ማን እንደተከለው አላውቅም። ጥላ ስር! ጦስኝ እኮ ፀሐይ ነው የሚወደው። እኔ እንዲህ አልሠራም።»

ዲቦራ ጎንበስ ብላ ጦስኙን ይዛ ሳብ አደረገችው። አልተነቃነቀም። ጫፉ ላይ ለስላሳ አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል። እጇን አራገፈች።

ከአጥሩ ማዶ ኢንግሪድ የምትባል ስዊድናዊት አሮጊት አበባዋን ታጠጣለች። አበባዎቹ ረዥም ናቸው፤ ከግንዱ ላይ እንደ ጣት ቆብ የሚመስሉ ሐምራዊ ደወሎች ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ሰፋፊ፣ ፀጉራም ቅጠሎች አሉ።

«ያምራሉ» አለቻት ዲቦራ በስዊድንኛ።

«ያምራሉ፣ ይገድላሉም። ዘራቸው አጥር አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ናቸው፤ አበባ ስለሌላቸው ሰው ይሳሳታል። በዚያም በኩል በቅሎ አይቼ ከሽማግሌዎቹ አንዱን አስጠንቅቄው ነበር። መርዝ ነው፣ እንዳትነኩት ብዬ።»

«የትኛውን?»

«መነጽሬን አላደረግኩም ነበር፣ ልጄ። ባርኔጣ ያደረገውን። ሁለቱም ባርኔጣ ያደርጋሉ።»

«መቼ ነው?»

«ሜይ ማለቂያ ላይ። ሊላ የሚባለው አበባ ሲፈካ፤ አንድ ወር አልፎታል።»

ዶክተር ዕንባቆም የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በተማሪነት መጥቶ፣ አስተምሮ፣ ጡረታ የወጣ፤ ከብርሃነ ሥላሴ ጋር በአንድ መርከብ መጥተው በአንድ ክፍል የኖሩ ባልንጀሮች ናቸው። ፊቲያ ባለው ቤቱ ዲቦራን በክብር ተቀበላት፤ ሻይም ቀዳላት።

«ያሳዝናል። አስካለ ክፉ ሴት አይደለችም» አለ። «ግን ያልተማረ እጅ መድኃኒት ሲቀምም መጨረሻው ይኸው ነው።»

«ከአጥሩ ስር የአህያ ጆሮ ነበር አሉ። የት ሄደ፣ ዶክተር?»

«እኔ እንጃ። አስካለ ነቅላው ይሆናላ። መደቡን የምታዝበት እሷ ናት።»

ዲቦራ ስለ ሻዩ አመስግና ሳትጠጣው ተነሣች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም ኮሎኒው ተሰበሰቡ። ፀደይ ጥቁር ለብሳለች። ዕንባቆም ባርኔጣውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። አስካለ ከመደቧ መሐል ቆማለች፣ መኮትኮቻው ከጎኗ ተተክሏል። ኢንግሪድ ከአጥሩ ማዶ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

«ጋሽ ብርሃነን የገደለው ይህ ነው» አለች ዲቦራ፣ የኢንግሪድን አበባ እያሳየች። «ያቅለሸልሻል፣ ነጩን ቢጫ አድርጎ ያሳያል፣ ከዚያ ልብ ያቆማል። ቆርቆሮው ውስጥ የተገኘውን ቅጠል አሸሁት፤ ጠረን የለውም። እትዬ አስካለ ደግሞ ጠረን የሌለው ቅጠል እጃቸው አይገባም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስትቀልዱባቸው ኖራችኋልና። ቅጠሉን የለቀሙት፣ ያደረቁትና ከጦስኙ የቀላቀሉት ራሳቸው ጋሽ ብርሃነ ናቸው። የአህያ ጆሮ መስሏቸው።»

ፀደይ አፏን ይዛ «ስለዚህ ማንም አልገደለውም?» አለች።

«ቆይ። ወይዘሮ ኢንግሪድ አንዱን ሽማግሌ መርዝ ነው ብለው አስጠንቅቀዋል። አባትሽ ቢሆኑ ኖሮ ይጠጡት ነበር? አይጠጡትም። እዚህ ባርኔጣ የሚያደርግ ሌላ ወንድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ባርኔጣው መሽከርከሩን አቆመ።

«አዎ፣ ነግራኛለች» አለ ዕንባቆም ፈጠን ብሎ። «ግን ነገሩን ንቄ ረሳሁት። ያስታወስኩት ብርሃነ ከሞተ በኋላ ነው። ደነገጥኩ፤ ሰኞ መጥቼ ነቅዬ ጣልኩት። ጦስኙንም የተከልኩት እኔ ነኝ። መደናገጥ ወንጀል ነው?»

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ጦስኙን ሳብ ያድርጉት።»

አስካለ ተንበርክካ ሳበችው። ቀና ብላ ዕንባቆምን አየችው፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይህ በዚህ ሳምንት የተተከለ አይደለም። ሥሩ መሬቱን ጨብጧል፤ ቀንበጥ አውጥቷል። እኔ ዬተቦሪ ሳለሁ፣ ብርሃነ በሕይወት ሳለ ነው የተተከለው።»

«ስለዚህ ረሳሁት ያሉት ውሸት ነው» አለች ዲቦራ። «የዚያኑ ሰሞን ወይዘሮ ኢንግሪድን አምነው ነቅለውታል። ባልንጀራዎ ከቅጠሉ መልቀማቸውንስ ያውቁ ነበር?»

ከሐይቁ በኩል የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«አውቅ ነበር» አለ ዕንባቆም። «የአህያ ጆሮ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አገሬ የማውቀው ነው ብዬ ማልኩለት፤ እሱም አመነኝ። ሴትዮዋ ካስጠነቀቀችኝ በኋላ ስልክ አንሥቼ ቁጥሩን መታሁ። ‹አቤት› አለ። ምን ልበለው? ከአስካለ አፍንጫ አነስኩ ልበለው? በየቅዳሜው እዚህ ስንሰበሰብ ሊስቁብኝ ነው... ‹እንዴት ከረምክ› ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ነው የለቀመው፣ ሻጋታ በልቶታል ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ፀደይ ጮኸች፤ በየትኛው ቋንቋ እንደጮኸች አልታወቀም። አስካለ ሄዳ ትከሻዋን ያዘቻት። ከዚያ ወደ ዕንባቆም ዞረች።

«ብስቅብህ ምን ትሆን ነበር? አንድ ቅዳሜ እስቅ ነበር። በሁለተኛው ሦስታችንም እንስቅ ነበር። ደግሞ ሬሳውን እኔ ላይ ጫንከው!»

ከዲቦራ ጋር የመጣው ፖሊስ የዕንባቆምን ክንድ ሳይነካ ከጎኑ ሄደ፤ ባርኔጣው እጁ ላይ ነበር።

የቦርዱ ሰው አካፋ ይዞ በሩ ላይ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። የሆነውን አልሰማም፤ ለመንቀል የተሰጠው ቀን ዛሬ ያበቃል አለ። ዲቦራ መታወቂያዋን ልታወጣ እጇን ኪሷ ስትከት አስካለ ቀደመቻት።

«ንገሪው፣ ልጄ፤ በደንብ አድርገሽ በቋንቋው ንገሪው። መርዙ የመጣው ከማዶ ነው፤ የገደለው ደግሞ ኩራት ነው። የእኔ ቅጠል ማንንም አልገደለም። አይነቀልም!»

ሰውየው ዲቦራን አየ፣ መኮትኮቻውን አየ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ መልሶ ሄደ።

ፀደይ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ አስካለ አጠገብ ተንበረከከች። «አባዬ የሚወደው የትኛውን ነበር?» አለቻት፣ በአማርኛ።

አስካለ ከጤና አዳሙ አንድ ዘለላ ቀንጥሳ እጇ ላይ አኖረችላት።

«መጀመሪያ በጣትሽ እሺው» አለቻት። «ከዚያ አሽቺው።»