ዛህራ የማለችላት ልጅ

ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁን የያዛችሁም እንደያዛችሁ ስሙኝ።

ይሄ ተረት አይደለም። ቡታጅራ አጠገብ፣ እኛ ሰፈር፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ማታም አልነበረም... የአስር ሶላት ተሰግዶ፣ ጸሐይዋ ገና ሳትበርድ ነው የሆነው።

በዚያ ክፉ ጊዜ ታጣቂዎች ሰፈሩን ይዘው ነበር። ከሌላ አገር የመጣን ሰው፣ ልጅ ሳይቀር፣ ቤት ለቤት ይፈልጋሉ። ጎረቤቴ ዛህራ ማርቲ የምትባለውን የሰፈራችንን አስተማሪ ልጅ አደራ ተቀብላ ደበቀቻት። የልጅቷን የአንገት ማተብ አውልቃ ጨርቅ ውስጥ ቋጠረችው። ማርቲን ደግሞ ቆጥ ላይ።

ዛህራ የወለደቻት አንድ ልጅ ናት፤ ሲና። ከማርቲ ጋር እኩያ ናቸው።

ሲና መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ግን ቀይ ሻርፗ ለማርቲ ተሰጠ። ድሮ የእሷ የነበረው የቆጮው ዳርም ለማርቲ ሆነ። አይቡም...

"እማ፣ የኔ እኮ ነው" ትላለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ፣ እንግዳ ናት።"

"እኔስ?"

"አንቺማ የኔው አይደለሽ? የት ትሄጃለሽ?"

እናቷ የማርቲን ጸጉር ስትዳብስ ሲና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ያን ቀን ማርቲ ትኩሳት ይዟት፣ ከቆጥ ወርዳ ዛህራ ጭን ላይ ተኝታለች። እኔም ልጠይቃት ገብቼ ነበር። ሲና ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሀል ስትመጣ... በሩ ላይ ሰዎቹ ቆመዋል።

"ይቺ የማን ናት?" አለ አንዱ፣ ወደተኛችው እየጠቆመ።

"የኔ። ሲና ትባላለች" አለች ዛህራ።

"እስቲ ማዪ።"

ዛህራ እጇን ማርቲ ግንባር ላይ አደረገች።

"ወላሂ፣ ከሆዴ የወጣች አንዲት ልጄ ይቺ ናት።"

ሰውዬው ወደ ሲና ዞረ። "አንቺስ?"

ዛህራ በዓይኗ ለመነቻት። ሲና ግን ያየችው ያንን እጅ ብቻ ነው... ግንባር ላይ ያለውን።

"የእሷ አይደለሁም። የከድጄ ልጅ ነኝ።"

ከድጄ እኔ ነኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ሄዱ።

ልጅቱ ተረፈች። ሲና ግን ያን ያለችው ለማዳን ብላ አልነበረም። በቅናት ነው። ኋላ እሷው አልቅሳ ነግራኛለች።

ከዚያ መሐላ በማግስቱ ላሚቱ ሲናን ረገጠቻት። ከሲና በቀር ማንንም የማታስጠጋ ላም... ለማርቲ አንገቷን ሰጠች።

ከዚያ ዛህራ "ሲና" ብላ ተጣራች።

"አቤት እማ" አለች ማርቲ።

ማንም አልሳቀም።

ሲና አገጯ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ ድሮ ከአጥር ወድቃ ያገኘችው። አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ዳሰሰችው...

የለም።

ቀና ስትል ማርቲ አገጯን ታክካለች።

"ያሳክከኛል" አለቻት፣ ፈገግ ብላ።

ሲና እናቷ ጋ ሮጠች። "እማ፣ እኔ ነኝ እኮ..."

ዛህራ ራሷን ዳበሰቻት። በርኅራኄ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚዳበስ።

"አይዞሽ የኔ እናት፤ ዘመዶችሽ ይመጣሉ።"

ሰላም ሲሆን የማርቲ አክስት ዓለምዘውድ ከወልቂጤ መጣች። ሲናን ስታይ ጮኻ አቀፈቻት። "ማርቲዬ፣ ቁርጥ እናትሽን።"

ዛህራ የቋጠረችውን ማተብ ፈትታ አወጣች። "እንኪ፣ አደራሽን ተረከቢ።"

አክስትየው ሲና አንገት ላይ አሰረችው። ልክ ሆነ።

"ኧረ ዛህራ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "ልጅሽ እኮ ይቺ ናት።"

ሳቀችብኝ። "ከድጄ፣ አረጀሽ መሰለኝ።"

ሚኒባሱ ሲነሳ ሲና በመስኮት ዞራ አየች። በሩ ላይ ቀይ ሻርፕ የለበሰች ልጅ የእናቷን እጅ ይዛለች። በሌላው እጇ አገጯን አከክ አከክ አደረገችና... "ቻው፣ ማርቲ" አለቻት።

ዛሬም ወልቂጤ ናት አሉ። ማርቲ ይሏታል። የማስታውሳት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም፣ ልጆቼ... ትናንት ስሟ ጠፍቶብኝ እስኪመሽ ስፈልገው ዋልኩ።

ሲና ነው። ሲና። አደራ፣ እናንተ እንኳ ያዙልኝ።